ቀሚሱ ላይ የዲዛይነሯ ስም አለ፤ የሸማኔውስ?

ጥለት ወዳጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ጥር ላይ ታገባለች። ለመልሱ የምለብሰውን ቀሚስ ፍለጋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስዞር ከረምኩ። ሽሮ ሜዳን ከላይ እስከ ታች አዳረስኩት። ቦሌ ያሉ የዲዛይነር ሱቆችንም አየሁ። ቴሌግራም ላይ ያሉትንማ ቤት ይቁጠራቸው።

የአሁኑን ፋሽን ያላየ ካለ ልንገረው። ወገብ ላይ ኮርሴት፣ ከጉልበት በታች የሚበተን ሜርሜድ፣ ትከሻው ገለጥ፣ እጅጌው ነፋ ያለ። ቀለሙም ነጭ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ጥቁር አለ፣ ወይን ጠጅ አለ፣ የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ አለ። እኔ ይሄን ሁሉ እወደዋለሁ። የእናቴ ዙሪያ ቀሚስ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ግን ልብስ ከለባሹ ዕድሜና ከዘመኑ ጋር መሄድ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አንድ ሱቅ ገብቼ ቀሚስ አነሳሁ። ከሩቅ ሲያዩት ጥለቱ ልብ ይሰርቃል። ጫፉን ገልበጥ አድርጌ ውስጡን ሳየው ነጭ ነው። ክር የሚባል ነገር የለም። ጨርቅ ላይ የታተመ ሥዕል ነው። ሻጯን «በእጅ የተሠራ ነው?» ስላት «አዎ፣ የሽሮ ሜዳ ሥራ ነው» አለችኝ፤ ዓይኔን እያየች።

ሌላ ቦታ እውነተኛ ሸማ አገኘሁ። ጥለቱ ከታች ተነስቶ ጉልበት ይደርሳል። አንገቱ ላይ የዲዛይነሯ ስም በወርቃማ ክር ተጠልፏል። «ማን ሸመነው?» አልኩ። «ሸማኔዎች አሉን» ተባልኩ። እነማን? የት? የሚያውቅ የለም።

የኔ አቋም ይሄ ነው። ዲዛይኑ እንደፈለገው ይለዋወጥ። ሸማው ግን በእጅ ይሁን፤ የሸመነውም ሰው ስሙ ይጻፍ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ናቲ የአዲሱ ገበያው

እህቴ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው። ግን ኪስ የሚባል ነገር አለ። እኛ ቤት አምስት ልጆች ነን። አምና ለእንቁጣጣሽ እናታችን ለአምስታችንም የሐበሻ ልብስ ገዛችልን። የታተመው ነው። በእጅ የተሸመነውን ብትል ኖሮ ሁለታችን ለብሰን ሦስታችን እናይ ነበር። ያን ቀን አምስታችንም አምሮብን አበባየሆሽ ስንሰማ ዋልን። እናቴ በዚህ ልትወቀስ አይገባም።

ሻጯ ዋሽታሻለች፣ እሱ ነውር ነው። ጨርቁ ግን ምን አጠፋ?

የሸማኔው ልጅ

ይሄን ርዕስ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አባቴ ሸማኔ ነው። ከጨንቻ መጥቶ ጉለሌ ከገባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የምንኖርበት ቤት መስኮቱ ሥር ጉድጓድ አለ። አባቴ አፋፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ይከታል። እግሩ ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ እጁ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ይልካል። እኔ ያደግኩት ያንን ድምፅ እየሰማሁ ነው። ሲቆም ነው ከእንቅልፌ የምነቃው።

ነጩ ቶሎ ይሄዳል። ሥራው ጥለቱ ላይ ነው። መወርወሪያው ይቆምና ጣት ይጀምራል። የድሩን ክር አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ የተወሰኑትን ያነሳል፣ ቀለም ያለውን ክር ከሥር ያሾልካል፣ ይመታዋል። ከዚያ እንደገና ይቆጥራል። አንድ ክር ከተሳሳተ መስቀሉ ይጣመማል። ያኔ መፍታት ነው። ሰፊ ጥለት ያለው አንድ ቀሚስ ሳምንታት ይፈጃል። ድሮ ንድፉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር። አሁን ዲዛይነሮች በቴሌግራም ፎቶ ይልካሉ። ስልኩን ምሰሶው ላይ ያስደግፈዋል፤ ፎቶውን በሁለት ጣቱ እያሰፋ ካሬዎቹን ይቆጥራል። ዓይኑ እየደከመ ነው።

ስለ ስም ካነሳችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በድሮ ጊዜ ሸማኔ ስድብ ነበር። «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ሸማኔውም፣ ብረት ሠሪውም በዚያ አዋጅ አሉበት። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ትምህርት ቤት «ዶርዜ» እየተባልኩ ተሰድቤያለሁ። ዶርዜ መባል ስድብ ሆኖ አይደለም፤ ዶርዜዎች የጋሞ ወገኖቼ ናቸው፣ ሥራቸውም የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ሰው ሸማኔን ሁሉ በጅምላ በአንድ ስም ይጠራል። ስሙን የሚጠይቀው የለም። ጥለት ወዳጅ፣ አንቺ ስለጠየቅሽ አመሰግንሻለሁ።

መቀስ በእጄ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በዚህ ሁለት ዓመት ደግሞ ዲዛይነር ተብዬ መጠራት ጀምሬያለሁ። ከሰፊውም ከዲዛይነሩም ወገን ልናገር።

ሸማ እንደ ሌላ ጨርቅ አይቆረጥም። ጠባብ ነው፤ ሜርሜድ የሚያወጣ ስፋት የለውም። መቀስ ሲያርፍበት ወዲያው ይተረተራል። ስለዚህ ገና ሳልቆርጠው ከሥሩ ስስ ጨርቅ እለጥፍበታለሁ። ከዚያ ገበር፣ ከዚያ የኮርሴቱ አጥንት። ይሄን ካልሠራሁ ሙሽራዋ ለእስክስታ ትከሻዋን ስትሰብቅ ስፌቱ ይለቃል። ጥለቱንም ከጎን ስፌት ጋር ማገናኘት አለ። አንዱ መስቀል ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ ሲሆን ልብ ለልብ መግጠም አለበት። እኔ ለዚህ ብቻ አንድ ቀን ሙሉ እወስዳለሁ። ስለዚህ ዲዛይነር ሲባል ስም ለጣፊ ብቻ አድርጋችሁ አትዩን።

ጥሩ የሚሠሩም አሉ። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም» የተባለውን የልብስ ድርጅት ስታቋቁም የሸማኔዎች ገበያ መቀዝቀዙን አይታ ነው። የአዲስ አበባ ሸማኔ የሠራውን ስስ ሸማ ለባሕር ዳርቻና ለበጋ የሚለበስ ቀለል ያለ ልብስ አድርጋ ዓለም ገበያ ላይ አወጣችው። ፍቅርተ አዲስ «የፍቅር ዲዛይን»፣ ማህሌት አፈወርቅ «ማፊ» በሚሏቸው ድርጅቶቻቸው የእጅ ሸማን ይዘው ነው የታወቁት። የማህሌትን ሥራ የምወደው ሸማን ከበዓል ቀን አውጥታ ለአዘቦት ቀን ስላዋለችው ነው። ጃኬት፣ አጭር ቀሚስ፣ ሱሪ። እኔም ወደዚያ ነው መሄድ የምፈልገው። በዓመት ሦስት ቀን ብቻ የሚለበስ ልብስ ሸማኔውን ዓመቱን ሙሉ አያኖረውም።

የሸማኔውን ስም በተመለከተ ግን ትክክል ናችሁ። እኔ ራሴ ጽፌ አላውቅም። አስቤውም አላውቅም፤ ይሄን ስጽፍ ከልቤ አዝኛለሁ።

ሐና ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኛ አሜሪካ ያለነውም በዚህ ነገር አለንበት።

ለሠርጌ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት። ልኬን ራሴ በሜትር ለክቼ ላኩ፣ ቀብድ ከፈልኩ። «በወሩ ይደርሳል» ተባልኩ። ሦስት ወር ቆየ። ሠርጌ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ሰው ይዞልኝ መጣ። ስከፍተው ደረቱ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ሆኗል። እኔ ያዘዝኩት ጥለት ነበር። ጥለቱ ጠቦ አራት ጣት ሆኗል፤ የቀረውን ቦታ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ሞላው። ለካ ድንጋዩ በሙጫ ነው የተለጠፈው፤ መልስ ማታ ስጨፍር ከወለሉ ላይ ሲለቀም ነበር። አለቀስኩ።

ግን ሐቁን ልናገር። ድንጋይ የሚያበዙት እኛ ስለምንፈልገው ነው። እዚህ ሠርግ ላይ መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ ካልሆነ ፎቶ ላይ አይወጣም ይባላል። ስምንት ሚዜ በአንድ ዓይነት ጨርቅ፣ በአንድ ወር እንዲደርስ ብለን እናዛለን። ከላይ የሸማኔው ልጅ የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ስምንት ቀሚስ በአንድ ወር በአንድ ሰው ጣት እንደማይቆጠር ገባኝ። እኛ ስናጣድፍ ነው የታተመው የሚገባው።

የሰፈር እናት

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። የምጽፈው በልጅ ልጄ ስልክ ነው።

ስለ ሸማኔው ስም ተነጋገራችሁ፤ መልካም። ፈታይዋስ? እኔ በጉብዝናዬ ስፈትል ነው ያደግኩት። ጥጡ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ እንዝርት ይዞ ማታ ማታ በኩራዝ መፍተል ነው። ለአንድ ነጠላ የሚበቃ ማግ ስፈትል የግራ ጣቴ ጫፍ ይሰነጠቅ ነበር። ክሩ ወፍራምና ቀጭን እየሆነ ከመጣ ሸማኔው ይቆጣል። ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ «ይህን የፈተለች እጇ ይባረክ» ይላል። አሁን ድሩ የፋብሪካ ነው፤ ማጉም እየተተካ ነው። ነጠላ ልብስ ላይ ሲያርፍ እንደ ትንፋሽ የሚቀለው፣ ከታጠበ በኋላ የሚለሰልሰው፣ ማጉ የእጅ ፈትል ሲሆን ነው። የፋብሪካው ይጠነክራል እንጂ አይሞቅም፣ አያቅፍም።

ሌላው። አዲሶቹ ዲዛይን ይሠራሉ፤ ያምራል፤ እኔ አልቃወምም። የልጅ ልጄ ትከሻዋ የሚታይ ቀሚስ ስትለብስ «ነጠላ ጣል አድርጊበት» ብያት አለፍኩ። ባለፈው ግን አንዲት ልጅ ሠርግ ቤት ጥለቱን ወደ ላይ አንገቷ ላይ አድርጋ ነጠላ ለብሳ መጣች። ዲዛይነሯ እንዲህ ይለበሳል ብላት ነው። ልጄ፣ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ ነው። የሙሽራዋ አያት አይታ ደነገጠች፣ «ምን ደረሰባት?» ብላ ተነሳች። ቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል፣ ለደስታ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ለኀዘን ይዘቀዘቃል። ነጠላ ይናገራል። ዲዛይን የምታደርጉ ልጆች፣ ከመቀየራችሁ በፊት ምን እንደሚል ትልልቆችን ጠይቁ።

ጥለት ወዳጅ

እናቴ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ፈታይዋን አስቤያት አላውቅም ነበር። ቀሚስ ገዝቼ ስለብስ ስንት እጅ እንዳለበት አሁን ነው የቆጠርኩት።

ናቲ፣ እናትህን አልወቀስኩም፤ እንደዚያ ተሰምቶህ ከሆነ ይቅርታ። የተናደድኩት በእጅ ሥራ ዋጋ የታተመ ስለተሸጠ ነው።

መቀስ በእጄ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ገልብጦ ከማየት ሌላ መለያው ምንድን ነው? አንዳንዱ ገበር ስላለው ውስጡ አይታይም።

መቀስ በእጄ

ገበር ካለው የታችኛውን ጫፍ ፈልጊ፤ የተዘመዘመበት ጋ ብዙ ጊዜ ትንሽ ክፍተት ይኖራል። እውነተኛ ጥለት ጀርባው ላይ የተሻገረ ክር ይታያል፣ በጣት ሲዳሰስም ሻከር ይላል። የታተመው ለስላሳ ነው። የማሽን ሽመናም አለ፤ እሱ ጀርባው ላይ ክር አለው፤ ግን ሁሉም አበባ አንድ ዓይነት ነው፣ አንድም ቦታ አይሳሳትም። የእጅ ሥራ ላይ በደንብ ካየሽ አንድ ቦታ ክሩ ጠበቅ፣ ሌላ ቦታ ላላ ያለ ይገኛል። እሱ የሰው ትንፋሽ ነው።

ጨርቁ ጥጥ መሆኑን ለማወቅ ከጫፉ አንድ ክር ምዘዢና በክብሪት አቃጥዪው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ በጣት ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠጣር ጥቁር ኳስ ይሆናል። ባለሱቁ እንዲህ እንድታደርጊ ካልፈቀደልሽ ራሱ መልስ ነው።

ቀለሙ ይለቅ እንደሆነም ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ጥለቱ ላይ አሸት አድርጊ። ከወጣ አትግዢ። ገዝተሽ ከሆነ በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ እጠቢው፣ አትጭመቂው፣ ጥላ ላይ አስጪው።

ብርቱካን ከሐይፋ

እኔ የቤተ እስራኤል ልጅ ነኝ። እዚህ እስራኤል ስግድ የሚባለውን በዓላችንን ስናከብር፣ ከዮም ኪፑር (የአይሁድ የስርየት ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ሁላችንም ኢየሩሳሌም እንወጣለን። ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። አያቴ ለዚያ ቀን የምትለብሰው ነጭ ቀሚስ ከጎንደር ይዛው የመጣችው ነው። ሌላ ዕቃ አልያዘችም። ጥለቱ ጠባብ ነው፤ ቀለሙም ደብዝዟል።

የኔ እኩዮች አሁን ጂንስ ሱሪ ላይ ጥለት የተሰፋበት ጃኬት ይለብሳሉ። ልጅ ሆኜ ነጭ ቀሚስ ለብሼ አውቶቡስ ስሳፈር ሰዎች ያዩኝ ነበር፤ እኔም መሬት መሬት አይ ነበር። ዛሬ የእህቴ ልጅ በጃኬቷ ተኩራርታ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። ለዚህ ነው አዲስ ዲዛይንን የምደግፈው። አያቴ ጃኬቱን ዳስሳ ያለችው ግን «ይሄ ፈትል አይደለም» ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው ብዬ አስባለሁ።

የሸማኔው ልጅ

ብርቱካን፣ መሬት መሬት ማየቱን አውቀዋለሁ። እኔ ደግሞ ዱንጉዛ ነበር የማፍርበት። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ያለበት የጋሞ ሱሪ ነው። አባቴ ለመስቀል ሲለብስ አብሬው መሄድ አልፈልግም ነበር። አሁን ዱንጉዛ ጃኬት ሆኗል፣ ኮፍያ ሆኗል፣ ቦርሳ ሆኗል። ጋሞ ያልሆኑ ልጆች መንገድ ላይ ለብሰውት ሳይ ሆዴ ይሞላል። ዲዛይነሮች ይህን አድርገውልኛል፤ ውለታ ነው። ዱንጉዛ መሆኑን፣ ከየት እንደመጣ ግን ለገዢው ይንገሩት።

ሐና፣ ቀሚስሽ የዘገየበትን አንዱን ምክንያት ልንገርሽ። መስቀል ሲደርስ የጋሞ ሸማኔ ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል። ዓመቱን የሚሠራው ለዚያ ቀን ነው። የአንቺ ትዕዛዝ በዚያ ሰሞን ከሆነ ሸማኔው ቤት የለም። ይህን ለደንበኛ ማስረዳት የተቀበለሽ ሰው ሥራ ነበር።

ሐና ከሲልቨር ስፕሪንግ

ያዘዝኩት መስከረም 5 ነበር። ማንም አልነገረኝም። ቢነግሩኝ ኖሮ በሰኔ አዝ ነበር፤ ሰዎቹንም በልቤ አላማርርም ነበር።

ናቲ የአዲሱ ገበያው

እኔ የምለው፣ የታተመውም ይሸጥ፣ ግን «የታተመ» ተብሎ ይሸጥ። ዋጋውም የታተመ ዋጋ ይሁን። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ ለጥምቀት የሚገዛ አቅም የሌለውም ሰው አለ። እሱም አምሮበት ይውጣ።

ሥራ ስይዝ ግን ለእናቴ የእጅ ፈትል ጋቢ ነው የምገዛላት። አራት ድርብ የሆነውን። እስከ ዛሬ ለራሷ ገዝታ አታውቅም።

የሰፈር እናት

ናቲ ልጄ፣ ተባረክ። ስትገዛ ጫፉን ወደ ብርሃን ያዝና እይ። ብርሃን እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ ከሆነ ላላ ብሎ የተሸመነ ነው፤ ሁለት ክረምት አይቆይም።

ጥለት ወዳጅ

የሸማኔው ልጅ፣ ትናንት በውስጥ መስመር ጽፌልህ ነበር፤ እዚህም ልድገመው። የቀሚሴን ጥለት አባትህ እንዲሠሩልኝ እፈልጋለሁ። መቀስ በእጄ ልትሰፋልኝ ተስማምታለች። ሜርሜድ አይደለም፤ ከሸማው ስፋት ጋር የሚሄድ ቀጥ ያለ ቀሚስ እንዲሆን ተመካክረን ወስነናል። ወገቡ ላይ ብቻ ትንሽ እናጠበዋለን። ጥለቱ ጥቁር ሰማያዊና ወርቃማ ይሁን። ውስጡ፣ ከአንገቱ በታች፣ ሦስት ስም ይጠለፋል። የፈታይዋን ስም ከአባትህ ጠይቅልኝ።

የሸማኔው ልጅ

አነበብኩለት። መጀመሪያ የጠየቀኝ ቁመትሽን ነው። ከዚያ «ስሜን በየትኛው ፊደል ነው የሚጽፉት?» አለኝ። በአማርኛ ነው አልኩት። አባቴ ማንበብ አልተማረም፤ ስሙን ብቻ መጻፍ ያውቃል። ወረቀት አምጣ ብሎ ራሱ ጻፈልኝና «ልክ እንደዚህ አድርገው ይጥለፉት» አለኝ። ፎቶ አንስቼ ለመቀስ በእጄ ልኬላታለሁ።

ማጉን የምትፈትልለት ጨንቻ ያለችው አክስቴ ናት። ለመስቀል ሲገባ ከእሷ ይዞ ይመለሳል። ድሩን የሚዘረጋው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት አትደውዪ ብሎሻል።